የቮልስ ሞተር ላሜራ በአሉሚኒየም ልሠራ ነው፤ ልምድ ያላችሁ አማክሩኝ

ሰማያዊ ቮልስ (አዲስ አበባ)፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁም። የአባቴን ቮልስ እያደስኩ ነው። 1300 ናት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1967 ሞዴል። ሞተሯ አምና ወርዶ ተሠርቷል። ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ሁሉም አዲስ ገብቷል። ግን አሁንም ትሞቃለች። ሽሮ ሜዳን አልፌ የእንጦጦን ዳገት ስያያዘው ጉልበቷ ይከዳታል። ቆሜ የዘይት መለኪያ ዘንጓን ሳወጣ በጨርቅ ካልሆነ አትያዝም።

ትናንት የኋላውን ክዳን ከፍቼ በእጅ ባትሪ ደህና አድርጌ አየኋት። ከፑሌጃው ጀርባ ያለውን አግዳሚ ላሜራ ዝገት በልቶታል። መዳፍ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ከሞተሩ ፊት፣ ቦዲውን የሚነካው ላሜራ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሞተሩን የሠራው ጋራዥ ሲገጥም ሳይመልሰው ቀርቷል። ሄጄ ስጠይቅ «እሱ ጌጥ ነው፣ ምንም አያደርግም» ተባልኩ።

ከውጭ ላስመጣ ብል ዋጋውንም ጊዜውንም አልቻልኩትም። ስለዚህ በአሉሚኒየም ላሜራ ራሴ ልሠራው አስቤያለሁ። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ሲያዩትም ያምራል። አንድ ጓደኛዬ ማጠፊያ ማሽን ያለው የብረታ ብረት ቤት አለው። ቅዳሜ ከሰዓት እንድጠቀምበት ፈቅዶልኛል።

ስንት ሚሊ ልግዛ? የትኛው ላሜራ በአሉሚኒየም ቢሠራ ችግር የለውም፣ የትኛውንስ መንካት የለብኝም? ከማርሚታው አጠገብ ያለውን ሙቀት ይችለዋል ወይ?

---

አሮጌው መካኒክ (አዲስ አበባ)፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ ጌጥ ነው ያለህ ሰው ቮልስን አያውቃትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቮልስ ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ሞተር በደንብ ተሠርቶላቸው በዓመታቸው ተቃጥለው የመጡትን ሳይ መጀመሪያ የማየው ላሜራቸውን ነው።

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ውኃ የላትም። ያላት አየር ብቻ ነው። ከላይ ባለው ክብ ቤት ውስጥ ያለው ፋን ቀዝቃዛውን አየር ከሞተር ክፍሉ ይስብና በሲሊንደሮቹ መሃል ወደ ታች ይገፋዋል። ሞቆ በሥር በኩል ይወጣል። ማርሚታውም ያለው ሥር ነው። እንግዲህ ያ «ጌጥ» የተባለው ላሜራ በላይኛው ቀዝቃዛ አየርና በታችኛው ትኩስ አየር መካከል ያለ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሲቀደድ ትኩሱ አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ፋኑ ደግሞ እሱኑ ይስበዋል። መኪናዋ የራሷን ትንፋሽ መልሳ ትተነፍሳለች ማለት ነው።

በዚያ ላይ የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ያ ዘይት ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም ሥራው ነው። ባንተ ሞዴል ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በፋኑ ቤት ውስጥ፣ በ3ኛው ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ነው። 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ቫልቭ ተቃጥሎ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ጋ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህንን አይቶ በኋላ በወጡት ሞተሮች ማቀዝቀዣውን ከመንገድ ዞር አድርጎታል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የፊቱን፣ የኋላውንና የጎንና ጎኑን አግዳሚ ላሜራ በአሉሚኒየም ሥራ፣ ምንም አይልም። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚሸፍኑትንና ከሥር በሲሊንደሮች መሃል ያሉትን ትንንሽ አየር መሪዎች ግን አትንካ። እነሱ በፕሬስ የወጡ ናቸው፤ ቅርጻቸው አየሩን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ወዳሉት ስስ የብረት ክንፎች ያስጠጋዋል። በእጅ አታገኘውም። ከጎደሉህ ሶማሌ ተራ ሂድና የአሮጌ ሞተር ፈልግ።

---

ጎተራ (አዲስ አበባ)፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

የኔም ቮልስ ክዳኗ በእንጨት ተደግፎ ነው የምትሄደው። የገዛሁት ሰውዬ «አየር እንድታገኝ ነው» ብሎኛል።

---

አሮጌው መካኒክ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡42

ክዳን መደገፍ መፍትሔ አይሆንም፣ ወንድሜ። ትኩሱ የሚገባው ከሥር ነው። ነገ ክዳኑን ክፈትና ሞተሩን ዙሪያውን በእጅህ ዳስሰው። መሬት የሚታይህ ቦታ ካለ ያ ነው በሽታው። የማሞቂያ ቱቦዎቹ የተነሱባት መኪና ከሆነች ደግሞ በፋኑ ቤት ጎንና ጎን ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። ሲሊንደር ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር በዚያ ይባክናል። በኋላው ላሜራም ላይ እንደዚሁ ሁለት አሉ። አራቱንም ድፈን።

---

የቨርጂኒያው (አሌክሳንድሪያ)፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ተብራርቶ አንብቤ አላውቅም።

እኔ እዚህ የ73 (በፈረንጆች) ሱፐር ቢትል የሚባለው ቮልስ አለኝ። የጎን ላሜራዎቹንና ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ግድግዳ በአሉሚኒየም ሠርቻለሁ። ስለ ዓይነቱ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። አሉሚኒየም ሁሉ አንድ አይደለም። 6061 ቲ6 የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል። ግን ጠበቅ አድርገህ ስታጥፈው ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዬን ያበላሸሁት በሱ ነው። 5052 ኤች32 ግን በደንብ ይታጠፋል፣ ለንዝረትም ደህና ነው። 3003ም ይሆናል፣ ትንሽ ለስላሳ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከሳሳ ይንቀጠቀጣል። 2 ሚሊ ከሆነ በእጅ ማስተካከል ይከብዳል።

ሌላው፣ ሰፊ ዝርግ ላሜራ ልክ እንደ ከበሮ ይጮኻል። መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር አውጡለት። ያኔ ይጠነክራል፣ ዝምም ይላል። እኔ በሮለር ነው ያወጣሁት። ያ ከሌለ ጠንካራ እንጨት ላይ ቦይ አስቦርቡ። ላሜራውን በላዩ አድርጋችሁ ክብ ብረት አስተኙበትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ምቱት። አንድ ቦታ ላይ አትጨርሱ። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ነው።

---

ባትላሜራው (አዲስ አበባ)፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሥራ ላይ ሆኜ ነው የዘገየሁት። ባትላሜራ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ በብረት፣ አንዳንዴም በአሉሚኒየም እሠራለሁ።

ላሜራ ከመቁረጥህ በፊት ካርቶን ቁረጥ። የጫማ ካርቶን አሪፍ ነው፤ ወፍራሙ የቴሌቪዥን ካርቶን ግን አይታጠፍልህም። ፎርማውን፣ ማለትም የቆረጥከውን ካርቶን፣ ቦታው ላይ አስቀምጥ፣ የማይገባውን ቀንስ፣ የጎደለውን በፕላስተር ቀጥል። ብሎን የሚገባበትን ሁሉ በእስክሪብቶ ብሳ። ካርቶኑ ሳይገፋና ሳይጎትት ራሱ ቁጭ ካላለ ላሜራውም አይልም። እኔ ለአንድ ላሜራ ሦስት ፎርማ የማወጣበት ቀን አለ። ካርቶን በነፃ ነው፣ ላሜራ ግን በገንዘብ ነው።

ወደ ላሜራው ስትገለብጠው በማርከር አስምር። በሹል ብረት አትጫር። ብረት ላይ ለምደነው እንጫራለን። አሉሚኒየም ላይ ግን የጫርከው መስመር ላይ ስታጥፈው እዚያው ይሰነጠቃል። ዛሬ ባይሰነጠቅ ከርሞ በንዝረት ይሰነጠቃል።

ሁለት እጥፋት የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መጀመሪያ በ4 ሚሊ ፑንታ ብሳው፣ ከዚያ እስከ ቀዳዳው ቁረጥ። ቀዳዳ ከሌለ ማዕዘኑ ይቀደዳል።

የእጥፋቱን ልክ ለማወቅ ይህን አድርግ። ከዚያው ላሜራ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ አውጣ። መሃሉ ላይ በስኳድራ ልክ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ፣ እጠፈው። ሁለቱን ክንፎች ከውጭ በኩል ለካና ደምር። ከ100 ይበልጣል። 1.5 ሚሊ ላሜራ ከሆነ 102 ተኩል ገደማ ይመጣልሃል። ያ ትርፍ ሁለት ተኩል ሚሊ ለእያንዳንዱ እጥፋት ከጠቅላላው ልክ የምትቀንሰው ነው። ማሽን ከማሽን ይለያያልና የጓደኛህን ማሽን በራሱ ቁራጭ ፈትን። አራት እጥፋት ያለው ላሜራ ላይ ይህን ከረሳህ አንድ ሳንቲ ተሳሳትክ ማለት ነው፤ የብሎን ቀዳዳ አይገናኝም።

ክብ መታጠፍ ያለበት ቦታ ካለ ደግሞ አለስልሰው። የልብስ ሳሙና በደረቁ ቀባበት። ከጀርባው በጋዝ እሳት እያዟዟርክ አሙቀው። ሳሙናው መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ ይጠቁራል። መጥቆር ሲጀምር እሳቱን አንሳ። ሳሙናውን የምንቀባው ያለ ምክንያት አይደለም። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይቀላም። ምንም ሳይነግርህ እጅህ ላይ ይፈሳል። ሳሙናው ነው የሚነግርህ። ሲቀዘቅዝ በእንጨት መዶሻ እንደ ልብህ ታዘዋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናው ላይ እያለ አትብሳው። ፎርማውን ይዘህ ውጭ ሥራ። የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ካርቡራተር ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

---

ሰማያዊ ቮልስ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

ባትላሜራው፣ እጅህ ይባረክ። ጋሼ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ምናለሽ ተራ ደረስ ብዬ ነበር። ቁጥሩ የተጻፈበት ላሜራ አላገኘሁም፤ ሻጮቹ «ለስላሳ» እና «ደረቅ» ነው የሚሉት። እንዴት ልለየው?

---

ባትላሜራው፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ጥግ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ለምናቸው፤ ይሰጡሃል። በሞርሳ ያዛትና ስኳድራ እስክትሆን እጠፋት። መታጠፊያው ላይ ውጩን በጥፍርህ ዳብሰው። ሻካራ ከሆነ ወይም ነጭ መስመር ካየህ ተወው። ከዚያ በሌላው አቅጣጫ አዙረህ ሌላ ቁራጭ እጠፍ። ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ የተጎተተበት አቅጣጫ አለው። ተጠግተህ ስታየው እንደ ፀጉር ያለ ቀጭን መስመር ነው። እጥፋትህ ያንን መስመር አቋራጭ እንዲሆን አድርግ።

---

ጎተራ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ለምን ትደክማለህ? ሕንፃ ፊት ላይ የሚለጠፈው ክላዲንግ ቁርጥራጩ የትም ግንባታ ቦታ ተጥሎ ነው ያለው። አሉሚኒየም ነው፣ ቀለም አለው፣ በቢላ ተጭሮ ይታጠፋል። ወንድሜ የመኪናውን የሻንጣ ወለል በሱ ነው የሠራው፣ አምሮለታል።

---

ኢንጂነሯ (አዳማ)፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

እባካችሁ፣ ክላዲንግ ሞተር አጠገብ አታስጠጉ። ያ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም አይደለም። ከላይና ከታች ግማሽ ሚሊ ያህል ወይም ከዚያ የሳሳ አሉሚኒየም አለው። መሃሉ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ያ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ይነዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች የሞቱበት እሳት በግድግዳው ላይ የተስፋፋው በዚህ ዓይነት ክላዲንግ ነው። ቤንዚን ያለበት፣ ማርሚታ ያለበት ቦታ ላይ ማሰብም የለባችሁም። ለመለየት ቀላል ነው፣ ጠርዙን እዩት። መሃሉ ላይ ጥቁር ወይም ነጭ ሽፋን ካለ ክላዲንግ ነው።

የቮልስ ሞተር አካል ራሱ በማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ መሆኑንም አስታውሱ። አንዴ ከተያያዘ በቀላሉ አይጠፋም። ውኃ ሲያገኝ ይብስበታል።

ሰማያዊ ቮልስ፣ ስለ ሙቀት ለጠየቅከው ልመልስ። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ገደማ ነው። የኋላው ላሜራ ማርሚታውን ካልነካ ወደዚያ አይጠጋም፣ ለማቅለጡ አትስጋ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከብረት ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ያህል በፍጥነት ያስተላልፋል። ከሥር የተቀበለውን ሙቀት ከላይ ላለው አየር ይሰጠዋል። ግድግዳ ነው ተብሏል፤ ግን ሙቀት የሚያሳልፍ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ ከማርሚታው በላይ ያለውን ድርብ አድርገው። ከሥር ሁለተኛ ላሜራ ጨምር፣ በመሃላቸው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍት ይሁን። የታችኛው ፊቱ ያብረቅርቅ፤ ቀለም አትቀባው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም የሚመጣበትን የሙቀት ጨረር አብዛኛውን ይመልሳል። ጥቁር ከቀባኸው ይህን ጥቅሙን ታጠፋዋለህ።

ሲሞቅም ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 90 ሳንቲ ላሜራ 60 ዲግሪ ቢጨምር አንድ ሚሊ ከምናምን ይረዝማል። ዳርና ዳር ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ሞላላ አድርጋቸው፤ የመሃሉ ብቻ ክብ ይሁን። አለበለዚያ ላሜራው መሄጃ ሲያጣ መሃሉ ይነፋል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ለካ። ምንም ሳትነካ በፊት የዘይቱን ሙቀት መዝግብ። ያለዚያ የሠራኸው ይሥራ አይሥራ በምን ታውቃለህ?

---

አሮጌው መካኒክ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እህቴ፣ ጥሩ ብለሻል። እኔ ብሆን ግን የኋላውን በ1 ሚሊ ብረት ነበር የምሠራው። ብረት ዘመኑን የቆየው በከንቱ አይደለም። ጥሩ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ጥሩ ጎማ ከገባለት ከኔም ከሱም ዕድሜ በላይ ይኖራል።

---

ኢንጂነሯ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ጋሼ፣ ለኋላው ላሜራ በእርስዎ ሐሳብ እስማማለሁ። ብረት ማግኘት ከቻለ ብረት ይሻላል። ለፊቱና ለጎኖቹ ግን አሉሚኒየም ጥሩ ነው፤ እነዚያ የሚበላሹት በእርጥበትና በጭቃ ነውና። ብቻ አሉሚኒየምና ብረት በእርጥብ ቦታ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። በመሃላቸው ጎማ ወይም ናይለን ሮንዴላ ይግባ። የመዳብና የነሐስ ሮንዴላ በፍጹም አይሁን።

---

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡40

ይህን ውይይት ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የዛሬ ሁለት ዓመት የኔን ቮልስ የፊት ላሜራ በአሉሚኒየም ሠራሁ። ቆንጆ ሆኖ ነበር፣ ሰው ሁሉ እያየ ያደንቅ ነበር። የቤንዚን መስመሩ በዚያ ላሜራ ውስጥ ያልፋል። ቀዳዳውን በሳሁ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ፣ ጎሚኒ (ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚገባውን ክብ ጎማ) ግን አላደረግኩበትም። ነገ አደርጋለሁ ብዬ ረሳሁት።

ከሦስት ወር በኋላ ከሻሸመኔ ስመለስ የቤንዚን ሽታ መጣብኝ። መጀመሪያ ከፊቴ ያለው አይሱዙ መሰለኝ። አይሱዙው ታጠፈ፣ ሽታው አልሄደም። ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ ክዳኑን ከፈትኩ። የላሜራው ጠርዝ በየንዝረቱ የቤንዚኑን ጎማ እንደ መጋዝ ሲበላው ቆይቷል። ቤንዚኑ በላሜራው ላይ እየወረደ ወደ ዲናሞው አቅጣጫ ጠብ ጠብ ይላል። ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆቼ ተኝተው ነበር። ተሸክሜያቸው ራቅ ያለ ዛፍ ሥር እስካስቀምጣቸው ድረስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያን ሁሉ ሥራ ከንቱ ያስቀረችብኝ ያቺ የረሳኋት ትንሽ ጎሚኒ ናት። የምትሠሩት ላሜራ ቤንዚን፣ ሽቦ ወይም ገመድ የሚያሳልፍ ከሆነ መጀመሪያ ጎሚኒውን ግዙ። ቀዳዳውን በጎሚኒው ልክ ብሱ። የቤንዚኑን ጎማም በዚያው በአዲስ ቀይሩ፤ ስንት ዓመት እንደቆየ ማን ያውቃል።

---

የቨርጂኒያው፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። እኔም ነገ ጠዋት የኔን አያለሁ።

---

አሮጌው መካኒክ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ተመስገን። በዚያው የዙሪያውን ጎማ ጉዳይ ላንሳ። በላሜራውና በቦዲው መካከል ዙሪያውን የሚዞር ጎማ አለ፣ ሁለት ቦይ ያለው። አንዱ ቦይ ላሜራውን ይነክሳል፣ ሌላው የቦዲውን ጠርዝ። ያለ እሱ ላሜራው ብቻውን ሙሉ አይደለም። ሰዎች ስፖንጅ ሲጠቀጥቁ አይቻለሁ። ስፖንጅ ዘይትና ቤንዚን ይጠጣል፣ ከዚያም ይነዳል። ሲሊኮን ብቻ መቀባትም አይሆንም። ሞተሩ በጎማ መያዣ ላይ ስለሆነ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሊኮኑ ይላቀቃል። ጎማውን ፈልግ። የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ያሉትን ክብ ጎማዎችም እይ፤ ቀዳዳቸውን ካልደፈኑ በዚያም አየር ይወጣል።

---

ሰማያዊ ቮልስ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11፡00

ሠራሁት። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ረቡዕ ማታ ለካሁ። በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ተውሼ እንጦጦ ወጣሁና ከላይ ስደርስ ሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማውጫ ክዳን ለካሁት። 118 ዲግሪ አለ። ሐሙስ በተመሳሳይ ሰዓት ደገምኩት፣ 116።

ፎርማ ለማውጣት ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ለፊቱ ላሜራ አራት ካርቶን ጨርሻለሁ። የማርሽ ሳጥኑ ጋ ያለው ቅስት ነው ያስቸገረኝ። መጨረሻ ላይ ካርቶኑ ቦታው ላይ ሲገባ «ጠቅ» ብሎ ራሱ ቆመ፣ እጄን ብለቀውም አልወደቀም። ያኔ ባትላሜራው ያለው ገባኝ።

ቅዳሜ ከመቁረጤ በፊት ቁራጭ ፈተንኩ። የጓደኛዬ ማሽን 102.6 ሰጠኝ። ሁሉንም እጥፋት በ2.6 ቀነስኩ። የፊቱ በአንድ ጊዜ ገባ፣ አምስቱም ቀዳዳ ተገናኘ። የግራውን ጎን ግን መጀመሪያ በተቃራኒ አጥፌው ሌላ መሥራት ነበረብኝ። ፎርማው ላይ «ላይ» እና «ፊት» ብዬ አልጻፍኩም ነበር። አሁን ሁሉም ላይ ጽፌያለሁ።

ለቅስቱ የሳሙናውን ዘዴ ሞከርኩ። ሳሙናው ቡኒ ሲሆን ልቤ ይመታ ነበር። ሲጠቁር አነሳሁት። ከዚያ በኋላ በእንጨት መዶሻ እንደ ሊጥ ነው የታዘዘኝ።

የኋላውን በጋሼ ምክር በ1 ሚሊ ብረት አሠራሁት፤ ማጠፉን እኔ፣ ብየዳውን ጓደኛዬ። ከሥሩ በኢንጂነሯ ምክር አንድ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም በ8 ሚሊ ክፍተት ጨመርኩበት። ጎሚኒዎቹን ከሁሉም በፊት ነው የገዛሁት። ሐይቅ ዳር፣ የቤንዚን ቀዳዳውን ስበሳ ልጆችህን እያሰብኩ ነበር። ዙሪያውን የሚዞረውን ጎማ ሶማሌ ተራ አግኝቼ ገጠምኩ።

ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ወጣሁ። በዚያው መንገድ፣ አየሩ ግን ከረቡዕ ማታው የሞቀ ነበር። ከላይ ስደርስ 101 ዲግሪ። ወርጄ እንደገና ወጣሁ፣ 102። በሁለተኛ ማርሽ ትንፋሽ እያጠራት የምትወጣው ቦታ ላይ ጉልበቷ አልከዳትም። አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ነበር። ዳገቱ ሲያልቅ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገና «እንደ ድሮዋ» አለ።

---

ባትላሜራው፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11፡25

አሪፍ ነው! ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሎኖቹን በሙሉ አንድ ዙር እንደገና አጥብቅ። የናይለን ሮንዴላው ሲሞቅ ትንሽ ይጨፈለቃል።

---

አሮጌው መካኒክ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጎበዝ ልጄ። ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አሁን ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ ሌሊቱን አድራ ጠዋት ላይ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ለካ። ያን ያህል ሞቃ ስትነዳ ቆይታለች። 3ኛውን ሲሊንደር በተለይ እይልኝ። ከጠበበ ንገረኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ መስመር እሰጥሃለሁ።

---

ጎተራ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05

እኔም ዛሬ ክዳኑን ከፍቼ ዳሰስኩ። ጋሼ እንዳሉት በሁለት ቦታ መሬት ይታየኛል። የማሞቂያ ቀዳዳዎቹም አራቱም ክፍት ናቸው። ክላዲንጉን ትቼዋለሁ። ሰማያዊ ቮልስ፣ የፊቱን ላሜራ ፎርማ ታውሰኛለህ? የኔ 1200 ናት፣ ይገጥም ይሆን?

---

ሰማያዊ ቮልስ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ፎርማዎቹን አልጣልኳቸውም፣ ውሰድ። ይገጥም አይገጥም ግን በካርቶኑ ሞክረህ ነው የምናውቀው፤ ላሜራ ከመቁረጥህ በፊት ሞክረው። ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ቤት ነኝ። መኪናዋን ይዘሃት ና፣ የጫማ ካርቶንም ያዝ።